የእሜቴ ወሬ ከማዶ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ፣ ለአጎቴ ልጅ ለጦጣው፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ያልሆነው ጉልበቴ ብቻ ነው። እሱም ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሆስፒታል አንሶላ መተኮስ ሰልችቶት ነው እንጂ ሌላ በሽታ የለበትም። ጦጣው ብዬ መጻፌ ፀጉርህ መሸበቱን ረስቼ አይደለም። ዛፍ ላይ ያደገ ልጅ እሱ ቢሸብትም ስሙ አይሸብትም።

አባትህ ደህና ናቸው። ዓይናቸው እንዳለ ነው። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ በር ላይ የቆመው ሰው ወፍራም ይሁን ቀጭን ያውቃሉ። ትናንት ከሥራ ስገባ «ማነሽ አንቺ ወፍራም?» አሉኝ። አየህ፣ ማየቱን ያያሉ።

አሁን ትልቁን ወሬ ስማኝ። ያደግንበት የአራዊት ግቢ ተከፈተ! ያን ሁሉ ዓመት ለእድሳት ተብሎ በቆርቆሮ ታጥሮ የከረመው በር ተከፈተ። እኔ ገና አልገባሁም፤ ከአውቶቡስ መስኮት ሳየው ግን እንደ ባንክ በር ያብረቀርቃል። ድሮ እዚያ የሠሩ ጡረተኞች በጥር አጋማሽ ቤተሰባቸውን ይዘው እንዲጎበኙ ተጠርተዋል። ለአባትህም የጥሪ ካርድ መጣላቸው። ቀኑን ሙሉ ሲዳብሱት ዋሉና ማታ ጠረጴዛው ላይ ጥለውት፣ «ምን ልሠራ እሄዳለሁ? እሜቴ እዚያ የለችም» አሉ።

እሳቸው ያችን ጉማሬ ገና ጥጃ ሳለች በጡጦ አሳድገው፣ «እሜቴ» ብለው እንደ ትልቅ ሴት ጠርተው፣ እኛን «ዝም በሉ፣ እሜቴ ተኝታለች» እያሉ ሲያባርሩን የኖሩ ሰው ናቸው። ግቢው ሲዘጋ ተጭና አንተ ወዳለህበት ከተማ መምጣቷን ከጻፍክላቸው ወዲህ ልባቸው ካንተ ጋር ባሕር ማዶ ነው። በየእሑዱ ሄደህ አይተህ የምትልክላቸው ወሬ ነው የሚያቆማቸው።

ባለፈው ግን «ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች፣ ምግቧንም ግማሹን ትተወዋለች» ብለህ ከጻፍክ ጀምሮ ቁጭ ብለው አያውቁም። ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ። «ኧረ ጋሼ ይቀመጡ፣ ወለሉ አለቀ» ስላቸው፣ «እሷ እህል ሳትቀምስ እኔ ልቀመጥ?» ይሉኛል። ይህን ጻፊለት ብለዋል። ጥርሷን ይዩላት። ሰው ሲገባ ትነሣለች ወይስ እንደተኛች ነው የምታየው? ደግሞ ከጎኗ የነበረ እንስሳ ተነሥቶባት እንደሆነ ጠይቅ። እሜቴ ጎረቤት ካጣች አትበላም።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ባለፉት ደብዳቤዎችህ አላነሣሃትም። ሥራ በዝቶባት ይሆናል።

የረገጥከው መሬት ሁሉ ይመችህ።
የአክስትህ ልጅ


ኅዳር 6

ውድ እትዬ፤

ሰላምታዬ ከጉልበትሽ ይጀምርና ወደ ሌላው አካልሽ ይውጣ። እኔ ደህና ነኝ። ዳቦ ፋብሪካው ሠራተኛ ቀንሶ የቀረነውን በሁለት ሰው ሥራ ላይ አቁሞናል። ትሪውን ከምድጃው ተቀብዬ ጋሪ ላይ እደረድራለሁ፣ ጋሪውን እየገፋሁ መኪናው ድረስ እወስዳለሁ፣ እመለሳለሁ። እጄ ስለሚዝል ጽሕፈቴ ካስቸገረሽ እንደ ሐኪም ጽሕፈት ቁጠሪው።

ይህን ለአባዬ አንብቢለት።

አባዬ፤ እሑድ ሄጄ አየኋት። ጥርሷ ምንም አልሆነም ብለዋል። ሰው ሲገባ አትነሣም፤ ጆሮዋን ብቻ ታነቃንቃለች። ከጎኗ የነበረችውም ልክ እንዳልከው በሰኔ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዳለች። እንዴት አወቅህ? ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ሰፍቷታል። መስኮቷ አንድ ነው፤ እሱም ከማዶ ሕንፃ ግድግዳ ሌላ የሚያሳየው የለም። የማሞቂያው ቧንቧ ሲሠራ ቋ ቋ ይላል። መጀመሪያ ትደነግጥ ነበር፤ አሁን ለምዳው ድምፁ ሲያቆም ነው የምትባንነው። ቀን ቀን መተኛት አብዝታለች። ምግቡን ታሸተውና ትተወዋለች። ግን አትጨነቅ፣ ያልፍላታል።

እትዬ፤ ግቢውን ስለ መጎብኘቱ ግን ቢቀርበት ይሻላል። ዓይኑ አያይ፣ ደረጃው ያዳልጠዋል። የለመደውን ፈልጎ ባያገኝ ለምን እናሳዝነዋለን? አንቺ ከሄድሽ ግን የነበርንባት ክፍል መኖር አለመኖሯን ጻፊልኝ። ያቺ የሠራተኞች ቤት፣ ከዝንጀሮዎቹ ጀርባ። እኔና አንቺ፣ አባዬና እናቴ ተጨናንቀን የኖርንባት። በዚህ ሰሞን ቶሎ ቶሎ ትመጣብኛለች።

ወንድምሽ


ኅዳር 27

ለጦጣው፤

ሰላምታ አለኝ፣ ግን ዛሬ አጭር ነው። እጄ ቸኩሏል።

ደረጃ አለ ስላልከኝ እስቲ አስቀድሜ መንገዱን ልይላቸው ብዬ ባለፈው ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ። መግቢያው ላይ ቲኬቱን የሚቀበለው ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው። ቲኬቴን ዋጠ፣ እኔን አሳለፈ፣ ቦርሳዬን ያዘ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሁሉ ሳቀ። ደረጃ የሚባል ነገር የለም። መንገዱ በሙሉ ለጋሪ የተመቸ፣ ለጥ ያለ ነው። ብረት ጠፍቷል። ያ ስንት ጊዜ ጭንቅላትህን አስገብተህ በሳሙና ያወጡህ ፍርግርግ ሁሉ ተነቅሎ በምትኩ መስታወት ነው። ነብሩን ልይ ብዬ ብጠጋ ያየሁት የራሴን ፊት ነው። አንዷ ሴትዮ «ቁጥቋጦው ሥር ተኝቶ እሱ እያየዎት ነው» አለችኝ። ማን ማንን ሊጎበኝ እንደመጣ ግራ ገባኝ።

ክፍላችንን ጠይቀኸኛል። ሽንት ቤት ሆናለች። አትሳቅ። በኛ ጊዜ ከነበረችው ይልቅ ንጹሕ ነች። አልጋችን የነበረበት ግድግዳ ላይ የእጅ ማድረቂያ ተሰቅሏል። እጄ ሳይረጥብ ቆሜ አደረቅኩት። ምን ላድርግ፣ ዝም ብሎ መውጣት አልሆን አለኝ።

ከዚያ ወደ ጉማሬው ኩሬ ሄድኩ። ባዶ መስሎኝ፣ ኩሬውን ለማየት ብቻ። ድሮ ከነበረው ብዙ ሰፍቷል፤ አንደኛው ጎኑም መስታወት ሆኖ ከውሃው በታች ያለው ሁሉ ይታያል። ቆሜ ሳለ ውሃው ተከፈለና ጀርባ ወጣ። ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ ጆሮ። ጦጣው፣ የግራ ጆሮዋ ጫፉ የለም። ጥጃ ሳለች በር የተዘጋበት ጆሮ! አባትህ በሩን የዘጋውን ሰውዬ ያንን ዓመት ሙሉ ያኮረፉበት ጆሮ!

«እሜቴ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። እሷም ጆሮዋን አራገፈች።

አረንጓዴ ቱታ የለበሰች መጋቢ ባልዲዋን አስቀምጣ መጣች። «ስሟን ማን ነገረዎት?» አለችኝ።

«ስሟን ያወጣላት አጎቴ ነው። መቼ መለሳችኋት?»

«ከየት?»

«ከባሕር ማዶ ነዋ!»

«እናቴ፣ የቱ መርከብ ችሏት?» ብላ ሳቀች። እድሳቱ እስኪያልቅ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ማቆያ ነበረች አለችኝ። ግቢው ሊከፈት ሲል ነው የመለሷት። ከአገር ወጥታ አታውቅም።

እንግዲህ የኔ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። አንዲት ጉማሬ በአንድ ጊዜ ሁለት አገር እንደማትኖር ለማወቅ ግን ስምንተኛ ክፍል ይበቃል። በየእሑዱ እየሄድክ የምታያት ማናት? ፊቷን አዙራ የምትተኛው፣ ያቺ ምግብ የምታሸት ማናት?

ለአባትህ አልነገርኩም። ቤት ስገባ «ምን አየሽ?» አሉኝ። «ሽንት ቤት» አልኳቸው። ውሸትም አይደል። ግን እኔ ምላሴ ላይ ነገር አድሮ አያውቅም፣ ታውቀኛለህ። ቶሎ መልስልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 25

ለወንድሜ፤

ደህና ነህ ወይ? ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ገና ከበር ስታየኝ ራሷን መነቅነቅ ጀምራለች። አሟት እንዳይመስልህ፤ «የለም» ማለቷ ነው። ተቀይመህ ነው? ታመህ ነው? ወይስ የምትለው ጠፍቶህ? የቱም ይሁን፣ ዝም አትበለኝ።

ነገሩ ብሶ ቁጭ አለልህ። አባትህ ሐሳባቸውን ቀየሩ። እሄዳለሁ ብለዋል። ለምን ብትል፣ እሜቴ እዚያ ማዶ ያልበላችው ቤቷ ስላልተመቻት ነው ባይ ናቸው። ስለዚህ ሄደው የድሮ ኩሬዋን በእርምጃቸው ለክተው፣ ጥልቀቱን በዘንግ አይተው፣ «ለልጄ ጻፊለት፣ እነዚያ ሰዎች እንዲህ አድርገው ይሥሩላት» ሊሉኝ ነው። ከዚህ በኋላ ምን ብዬ አስቀራቸዋለሁ? ቡት ጫማቸውን ከቁም ሳጥን ሥር አውጥተው ቀለም ቀቡ። አንዱን ጥቁር፣ አንዱን ቡኒ። አልነገርኳቸውም፤ የምነግራቸው ነገር በዛብኝ።

ማታ «ዛሬስ ደብዳቤ የለም?» ይላሉ። «የለም ጋሼ።» «ብሶባት ይሆናል።» ይነሣሉ፣ በረንዳ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ። እኔም ተከትዬ እነሣለሁ። ሁለት ሰዎች በአንድ ኮሪደር ውስጥ ስንጋጭ እናመሻለን። ሥራ ቦታም አእምሮዬ አብሮኝ የለም፤ የትራስ ልብስ አቃጥዬ አለቃዬ አምባረቀችብኝ።

ልንገራቸው? ወይስ አባብዬ ላስቀራቸው? አንተ ልጃቸው ነህ፣ ወስንልኝ።

እህትህ


ጥር 4

እትዬ፤

ስለ ቆየሁብሽ አትቀየሚኝ።

እሜቴ ሞታለች ብለውኝ ነበር። ከአባዬ ጋር ይሠራ የነበረ አንድ ሰው ደውሎ፣ መኪና ላይ ስትጫን ሞተች፣ ለአባትህ አንተ አርዳው አለኝ። ያን ሳምንት አባዬ ዓይኑን ተሸፍኖ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። እንዴት አድርጌ ላርዳው? «ወደኛ መጥታለች» የሚለው ከእጄ አመለጠ። አንዴ ካመለጠ በኋላ ደግሞ ምን በላች፣ እንዴት ተኛች ይለኛል። እኔ ስለ ጉማሬ ምን አውቃለሁ? ያየሁትን ጻፍኩ።

መኖሯን ስትጽፊልኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

እለምንሻለሁ፣ አትውሰጂው። በዓይኑ ባያያት በጆሮው ይለያታል። ከዚህ ወደዚያ የምልክለት ከቃሌ ሌላ ምንም የለኝም። ያ ከረከሰ ነገ አባዬ ብዬ ብጽፍለት ምኔን ያምናል? አመመኝ በዪው። አውቶቡስ የለም በዪው። ጉብኝቱ ቀረ በዪው። ሌላ ጊዜ ራሴ እነግረዋለሁ።

ስለ ባለቤቴ ጠይቀሽኛል። ደህና ናት አሉ።

ወንድምሽ


ጥር 22

ለወንድሜ፤

ፈጣሪ ልብህን ያጽናው። ደብዳቤህ የደረሰኝ ከግቢው በተመለስን ማግሥት ነው። ስለዚህ አልሰማሁህም እንጂ እምቢ አላልኩህም።

ነገሩን እንዳለ ልንገርህ። ጠዋት ገና ሳይነጋ ለብሰው አልጋዬ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። አመመኝ ልል አፌን ስከፍት፣ «ካመመሽ ብቻዬን እሄዳለሁ» አሉ። ምን ይደረግ፣ ወጣን። ጥቁርና ቡኒ ተጫምተው፣ እኔ ክንዳቸውን ይዤ።

ሌሎቹ ጡረተኞች ከአስጎብኚው ጋር ቀደሙ። እሳቸው ግን መንገዱ ቢቀየርም ቀጥ ብለው ወደ ኩሬው። እኔ ደግሞ የማላሳያቸው ነገር የለም፤ «ጋሼ ወፎቹን እንይ፣ ጋሼ ዝንጀሮዎቹ እኮ ወልደዋል፣ ጋሼ ሽንት ቤት አይሄዱም?»

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ሽንት ቤቱን ወደሽዋል!»

አጥሩ ጋ ደርሰው ዘንጋቸውን ወደ ውሃው ሊሰዱ ሲሉ ያቺ የኩሬው ባለቤት ውሃውን በአፍንጫዋ ቡፍ አደረገችው። አባትህ እንደ ተተከሉ ቀሩ። በቀስታ፣ ሕፃን እንዳይነቃ የፈራ ሰው በሚናገርበት ድምፅ፣ «እሜቴ?» አሉ። መጣች፣ ጦጣው። ያ ሁሉ ሥጋ ውሃውን እየገፋ መጥቶ ከበታቻቸው አፉን ከፈተ። ልክ እንደ ድሮው፣ ጎመን እንዲወረውሩላት። እሳቸው ባዶ እጃቸውን ዘርግተው ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ «ምንም አልያዝኩልሽም፣ ምንም አልያዝኩም» ይሏታል። መጋቢዋ ደርሳ ከባልዲዋ ጎመን አቀበለቻቸው። ወረወሩላት። በላችው።

ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። አሁን መጣ አልኩ በሆዴ።

መጋቢዋን ጠሯት። «የኔ ልጅ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ትበላለች?»

«አባባ፣ እሷ ስትጠግብ ያየ የለም።»

«ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አትውልም?»

«ግድግዳ የት አለና? ሁሉም መስታወት ነው።»

«ማሞቂያስ አለ?»

«ለምኑ? ሙቀቱ ይበቃናል።»

ልጅቷ ባልዲዋን ይዛ ሄደች። እኔ ዋሸኝ እስኪሉ ነው የምጠብቀው። ላስተባብልልህ አፌን አሹዬ፣ «ሌላ ጉማሬ እሷ መስላው ነው» ልል ተዘጋጅቼ። እሳቸው ግን ወደኔ ዞረው ምን አሉ መሰለህ?

«ታዲያ ያ ሳይበላ የከረመው ማነው?»

እጃቸው ላይ የቀረውን የጎመን ቅጠል ልቀበላቸው ስል ቀጠሉ።

«ቀን ቀን የሚተኛው ማነው? ጎረቤቱ በሰኔ የተወሰደችበት? ቧንቧው ሲያቆም የሚባንነው?»

ወንድሜ፣ እነዚያን ደብዳቤዎች ሁሉ በገዛ አፌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንዳንዴም ደግሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። የሰማኋቸው ግን ያን ቀን ነው። እኔ፣ አንሶላ ተኩሼ ጉልበቴን አመመኝ እያልኩ ስጽፍልህ የከረምኩት ሴትዮ።

ተቆጥተዋል፤ አልደብቅህም። ዋሽቶኛል ብለው ግን አይደለም። «እንስሳ ሕመሙን ይደብቃል» አሉኝ። «ደክሞት ካየሽው ከታመመ ቆይቷል ማለት ነው። አመመህ ወይ ተብሎ አይጠየቅም። ቆመሽ ታዪዋለሽ።»

«ልጻፍለት?» አልኩ።

«አትጻፊ። ብትጽፊለት ደህና ነኝ ነው የሚልሽ። ይምጣና ልየው።»

አፌ አያርፍ፣ «በዚህ ዓይንዎ?» አልኳቸው።

«በዚህ ዓይኔ! እሷንስ ያየኋት በማን ዓይን ነው?»

ይኸው አትጻፊ ያሉኝን ጻፍኩልህ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እሜቴ አንዴም አላነሡም። ኮሪደሩ ላይ መመላለሱን ግን አላቆሙም፤ እንዲያውም ጨምረውበታል። ምክንያት አትደርድርብኝ። ሥራ፣ ብርድ፣ ፈቃድ አትበለኝ። ሳሎን ያለው ሶፋ ይዘረጋል፤ ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ለአንድ ሰው መሆኑንም አውቄያለሁ፣ ማስረዳት የለብህም።

እህትህ


የካቲት 11

እትዬ፤

ደብዳቤሽን ፋብሪካ ልሄድ ስል በር ላይ አገኘሁትና እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ጎረቤቴ በአጠገቤ አልፎ ወጣ፤ ወተት ገዝቶም ሲመለስ እዚያው ነበርኩ። «ቁልፍ ጠፋብህ?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ብዙ ጊዜ ልመልስልሽ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ወረቀቱን ባወጣሁ ቁጥር እጄ አስቀድሞ «ደህና ነኝ» ይጽፋል። እቀደዋለሁ። ዛሬ ከሱ ሌላ የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ በሰኔ ሄደች። አልተጣላንም፤ ቤቱ ዝም ብሎ ጸጥ እያለ ሄደና አንድ ቀን ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። እሑድ እሑድ የትም አልሄድም ነበር። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ለአባዬ እጽፍለት ነበር። ከሳምንቱ ውስጥ የምወደው ሰዓት እሱ ነበር። ስለዚህ ስትቆጪኝ ይህንንም ጨምረሽ አስቢልኝ።

በመጋቢት መጀመሪያ እመጣለሁ። ቀኑን ለአባዬ አትንገሪው፤ በረንዳው ላይ ሲጠብቅ እንዳያድር።

ፈቃድ ልጠይቅ ወደ አለቃዬ ገባሁ። ሰው ስለጎደለብን አይሰጠኝም ብዬ ሰግቼ ነበር። ምክንያትህ ምንድነው አለኝ። አባቴ ሊያየኝ ይፈልጋል አልኩት።

«ታሟል?» አለኝ።

«አይ፣ እሱ ደህና ነው» አልኩት።

ከወረቀቱ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ፈረመልኝ።

ወንድምሽ